ባትሪና ሽቦ አልባ መገናኛ፦ ከኤሌክትሪክ መስመር ርቀው የሚገኙ ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት የታሪክ ቅኝት

መግቢያ

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በሚገኝ ስፍራ ሽቦ አልባ መገናኛ ለመትከል ሲታሰብ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ መሣሪያው ምን ያህል ርቀት ይደርሳል የሚለው ነው። ዋጋው ስንት ነው የሚለው ሁለተኛ ሆኖ ይከተላል። መሣሪያው ከየት በሚገኝ ኃይል በቀን ለስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዕቃው ተገዝቶ፣ ተጓጉዞና ተተክሎ ካበቃ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ ምንም ብልሽት ያልደረሰበት መሣሪያ ባትሪው ስላለቀ ብቻ በመምህራን ክፍል ጥግ አቧራ ለብሶ ሊቀመጥ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሽቦ አልባ መገናኛ ታሪክ ውስጥ የኃይል ምንጭ የያዘውን ስፍራ መመርመርና ለትምህርት ዕቅድ የሚሰጠውን ጥቅም ማመልከት ነው። ታሪኩ እንደሚያስረዳው በሩቅ ስፍራ የሚኖረው ሰው ከትምህርትና ከሕክምና ጋር የተገናኘው መሣሪያው እየገዘፈና ኃይሉ እየበረታ በመሄዱ አይደለም። የተገናኘው የመሣሪያው ፍላጎት በስፍራው ሊገኝ በሚችለው ኃይል ልክ እንዲሆን ተደርጎ በተሠራ ጊዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የባትሪ አመጣጥ

የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገኘው ባትሪ በ1800 በኢጣሊያዊው ሊቅ በአሌሳንድሮ ቮልታ ተገለጸ። ይህ ባትሪ የሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት ዝርግ ቁራጮች በጨው ውኃ ከተነከረ ጨርቅ ወይም ካርቶን ጋር እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባትሪ በሁለት ዐበይት ወገኖች ተከፍሎ አደገ።

የመጀመሪያው ወገን እንደገና የሚሞላው ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የእርሳስ ዝርግ ቁራጮችን በአሲድ ውስጥ በማጥለቅ፣ ከተዳከመ በኋላ በኤሌክትሪክ ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ሠራ። ዛሬ በመኪና ውስጥ የሚገኘው ባትሪ የዚሁ ዘር ነው። ሁለተኛው ወገን አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚያልቀው ሲሆን፣ ሌላው ፈረንሳዊ ዦርዥ ለክላንሼ በ1866 ካወጣው የዚንክና የካርቦን ባትሪ ይነሣል። የለክላንሼ ባትሪ በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ፈሳሽ የያዘ በመሆኑ ለጉዞ አይመችም ነበር። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 ፈሳሹን ወደ ወፍራም ሊጥ ለውጦ በዚንክ ዕቃ ውስጥ ባሸገው ጊዜ ግን ተገልብጦም ሆነ ተንገላትቶ የማይፈስ ደረቅ ባትሪ ተገኘ። በአገራችን «የባትሪ ድንጋይ» በመባል የሚታወቀው ይኸው ነው።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ለዕቅድ አውጪው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ያቀርባሉ። ድንጋይ ያለቀ እንደሆነ ሌላ መግዛት ያስፈልጋልና ጥያቄው የገንዘብና የመንገድ ነው። የሚሞላው ባትሪ ግን በየጊዜው የሚሞላበት ኃይልና የሚጠብቀው ሰው ይሻልና ጥያቄው የሙያና የአያያዝ ነው። ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት ከከተማ ውጭ የተተከለ ሽቦ አልባ መገናኛ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱን ወይም ሁለቱንም ሳይመልስ ሊቆይ አልቻለም።

2. የማስተላለፍና የመቀበል ልዩነት

ጉልየልሞ ማርኮኒ በታኅሣሥ ወር 1901 ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላከ ምልክት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ በኒውፋውንድላንድ ለመቀበል ሲሞክር፣ በማስተላለፊያው ጣቢያ የነበረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ 25 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል የሚሰጥና በሞተር የሚሽከረከር ነበር። በመቀበያው በኩል የነበረው ግን በካይት ወደ ሰማይ የወጣ የአንቴና ሽቦና ጥቂት አነስተኛ ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። በዚህ አንድ ሙከራ የሽቦ አልባ መገናኛ ዋና ጠባይ ጎልቶ ይታያል። መስማት ጥቂት ኃይል ይበቃዋል፤ መናገር ግን ብዙ ይሻል። በመሆኑም ከኃይል ምንጭ የራቀው ሰው ከረጅም ጊዜ በፊት ሰሚ ለመሆን ቢችልም ተናጋሪ ለመሆን ብዙ መጠበቅ ነበረበት።

በ1920ዎቹ ዓመታት የራዲዮ ቫልቭ በሰፊው ሥራ ላይ ሲውል የሰሚውም ሸክም ከበደ። ቫልቭ እንደ አምፖል በውስጡ ያለው ክር ካልጋለ አይሠራም። ስለሆነም የዚያን ጊዜ የቤት ራዲዮ በአንድነት ሦስት ልዩ ልዩ ባትሪዎች ይፈልግ ነበር። አንደኛው ክሩን የሚያግለው ዝቅተኛ ቮልት ያለው ባትሪ ሲሆን፣ ይህ ብዙ ጊዜ እርሳስና አሲድ የያዘው የሚሞላው ዓይነት ነበር። ሁለተኛው 45 ወይም 90 ቮልት የሚሰጥ፣ ብዙ ትናንሽ ደረቅ ባትሪዎች ተያይዘው የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ቫልቩን ለመቆጣጠር የሚያገለግል ትንሽ ባትሪ ነበር። በከተማ የሚኖረው ሰው የአሲዱን ባትሪ ወደ ባትሪ ሞይ ሱቅ ተሸክሞ እየወሰደ ያስሞላ ነበር። በገጠር የሚኖረው ግን ባትሪውን ለማስሞላት የቀናት መንገድ መጓዝ ግድ ይሆንበት ነበር።

3. በአውስትራሊያ የተደረገው ሙከራ

ይህ ችግር እጅግ ከብዶ ከታየባቸውና በጥንቃቄም ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። በመካከለኛውና በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከብት አርቢዎች አንዱ ቤተሰብ ከሌላው በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ስልክም ኤሌክትሪክም አልነበራቸውም። የርቀቱ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በ1917 በሆልስ ክሪክ የደረሰው አንድ ነገር ያስረዳል። ጂሚ ዳርሲ የተባለ ከብት ጠባቂ በጽኑ በቆሰለ ጊዜ በአካባቢው ሐኪም ስላልነበረ፣ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ከፐርዝ ከተማ በቴሌግራፍ ከሐኪም የሚደርሰውን መመሪያ እየተከተለ ቀዶ ሕክምና አደረገለት። ሐኪሙም ራሱ ጉዞ ጀመረ፤ ነገር ግን እርሱ ከመድረሱ በፊት ዳርሲ ሞተ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር ሆልስ ክሪክ ቢያንስ የቴሌግራፍ መስመር የነበራት መሆኗ ነው። አብዛኞቹ የከብት እርባታ ስፍራዎች ግን ይህንንም አላገኙም።

የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበሩት ጆን ፍሊን በ1912 የተቋቋመውን የውስጥ አገር ተልእኮ ይመሩ ነበር። ሐኪምን በአውሮፕላን የማድረስ ሐሳባቸውም በግንቦት ወር 1928 በክዊንስላንድ ክሎንከሪ በተባለች ከተማ ሥራ ጀመረ። ሆኖም አውሮፕላኑ ሊሄድ የሚችለው የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ በየእርባታው ስፍራ መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም የሚያስችል መሣሪያ አስፈለገ፤ ይህም ከላይ እንደተገለጸው ብዙ ኃይል የሚጠይቀው ክፍል ነበር።

ፍሊን ይህን እንዲሠራላቸው የአደሌድ ነዋሪ የሆነውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ አልፍሬድ ትሬገርን ጠየቁት። ሁለቱም በ1926 ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ተጉዘው በአካባቢው ከሚገኙ ስፍራዎች ጋር የሽቦ አልባ ግንኙነት ሞከሩ። መልእክቱ ደረሰ፤ ነገር ግን ለማስተላለፊያው ያገለገሉት ባትሪዎች እጅግ ከባድ ስለነበሩ አሠራሩ በየቤቱ ሊዳረስ እንደማይችል ታወቀ። ከዚህ በኋላ ፍሊን ያቀረቡት መመዘኛ አጭርና ግልጽ ነበር፦ መሣሪያው ርካሽ፣ ጠንካራ፣ ትንሽና ማንም ሰው በቀላሉ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት።

የትሬገር ብልኅነት የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ያላሰለሰ ጥረቱን የበለጠ ባትሪ በመፈለግ ላይ ከማዋል ይልቅ፣ በእያንዳንዱ እርባታ ስፍራ ዘወትር የሚገኘው ኃይል ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ የሰው እግር ሆነ። እንደ ቢስክሌት በፔዳል የሚነዳ ዲናሞ ሠርቶ በሞከረ ጊዜ አንድ ሰው ሳይጨነቅ 20 ዋት ያህል ኃይል በ300 ቮልት ሊያመነጭ እንደሚችል አገኘ። ይህ በአምፔር ሲሰላ ከ0.07 አይበልጥም፤ ዛሬ በአንድ መጠነኛ አምፖል የሚጠፋ ኃይል ነው ለማለት ይቻላል። ትሬገር ማስተላለፊያውን በዚህ በ20 ዋት ልክ አበጀው። ዲናሞው ከጠረጴዛ ሥር ከወለሉ ጋር እንዲታሰር፣ ሠራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየነዳ በእጁ እንዲሠራ ተደረገ።

የመጀመሪያዎቹ ባለፔዳል መሣሪያዎች በ1929 በክሎንከሪ ዙሪያ ለሚገኙ ስፍራዎች ታደሉ። በመጀመሪያ መልእክቱ ይተላለፍ የነበረው በሞርስ ምልክት ነበር። ይህም የሆነው ምልክት ማስተላለፍ ድምፅ ከማስተላለፍ ያነሰ ኃይል ስለሚበቃው ነው። ምልክቱን መማር ለብዙዎች አስቸጋሪ መሆኑ ሲታይ ትሬገር በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንደ ጽሕፈት መኪና ፊደል በተነካ ቁጥር ምልክቱን በራሱ የሚያወጣ መሣሪያ ጨመረበት። በድምፅ መነጋገር የተቻለው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያም በኋላ የመኪና ባትሪ የሚሰጠውን ዝቅተኛ ቮልት ወደ ከፍተኛ የሚለውጥ ንዝረት ሰጪ ዕቃ እየተስፋፋ ሲሄድና በየእርባታው ስፍራ በነፋስ ወይም በትንሽ ሞተር ባትሪ መሙላት ሲለመድ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ቅደም ተከተሉ ሊጠና ይገባዋል። በመጀመሪያ የኃይሉ መጠን ተወሰነ፤ ቀጥሎ መሣሪያው በዚያ ልክ ተሠራ፤ በመጨረሻም የአጠቃቀሙ ዘዴ፣ ማለትም ድምፅ ሳይሆን ምልክት መሆኑ፣ ከኃይሉ ጋር እንዲስማማ ተደረገ። ኃይሉ ሲሻሻል አጠቃቀሙም አብሮ ተሻሻለ። በሌላ አነጋገር አገልግሎቱ በዝቅተኛ ደረጃ ቢጀምርም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ አልተቋረጠም።

4. ከሕክምና ወደ ትምህርት

በዚሁ አካባቢ የሚኖሩ ልጆች ይማሩ የነበረው በፖስታ በሚላክላቸው ጽሑፍ ነበር። ልጁ የሠራው መልመጃ ታርሞ እስኪመለስለት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የመምህሩን ድምፅ ሰምቶ፣ የጓደኛውን መልስ አዳምጦም አያውቅም። በደቡብ አውስትራሊያ የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር የነበሩትና በበራሪ ሐኪም አገልግሎት አመራር የተሳተፉት አደሌድ ሚትኪ በ1940ዎቹ ወደ ውስጥ አገር በተጓዙ ጊዜ፣ ልጆቹ ለሐኪም መጥሪያ የተተከለውን ራዲዮ ያለ ችግር ሲጠቀሙበት ተመለከቱ። መሣሪያው በየቤቱ አለ፤ ኃይሉም አለ፤ ሙያውም በልጆቹ እጅ ገብቷል። የቀረው መምህር ብቻ ነው።

ከሙከራ በኋላ በሰኔ 8 ቀን 1951 የአየር ትምህርት ቤት በአሊስ ስፕሪንግስ በይፋ ተከፈተ። በመጀመሪያ ትምህርቱ ከመምህሩ ወደ ተማሪው ብቻ የሚሄድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በትምህርቱ መጨረሻ የጥያቄና መልስ ጊዜ ተጨመረ። ይህ ጭማሪ ሊገኝ የቻለው በየቤቱ የነበረው መሣሪያ ቀድሞውንም ለመናገር ጭምር የተሠራ ስለነበረ ነው። መቀበያ ብቻ ታድሎ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ አዳማጮች ሆነው በቀሩ ነበር። ትምህርቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በራዲዮ ከቀጠለ በኋላ በ2000ዎቹ ዓመታት በሳተላይት በሚመጣ ኢንተርኔት ተተካ።

5. ትራንዚስተር፣ የፀሐይ ኃይልና የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በታኅሣሥ ወር 1947 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የተገኘው ትራንዚስተር የኃይሉን ጥያቄ ከሥሩ ለወጠው። ትራንዚስተር እንደ ቫልቭ የሚግል ክር የለውም፤ ስለሆነም አብዛኛውን የባትሪ ኃይል ይበላ የነበረው ሙቀት ቀረ። በ1954 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ባለትራንዚስተር የኪስ ራዲዮ አራት ትራንዚስተሮች ያሉትና በአንድ ባለ 22.5 ቮልት ትንሽ ባትሪ የሚሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ከዚያው ቤተ ሙከራ 6 ከመቶ ያህል የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የሲሊኮን ሕዋስ ይፋ ሆነ። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ዓመት ለሕዝብ መታየታቸው አጋጣሚ ቢሆንም ለገጠር ትምህርት ቤት ጥቅማቸው የተያያዘ ነው። አንዱ ፍላጎቱን ቀነሰ፤ ሌላው በየስፍራው የሚገኝ ምንጭ አስገኘ። በአፍሪካም በኒጀር ሪፑብሊክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቴሌቪዥን ለመንደር ትምህርት ቤት ተሞክሯል።

በኢትዮጵያ የራዲዮ አገልግሎት በ1930ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ ቢሆንም፣ ወደ ገጠሩ ሕዝብ የደረሰው በትራንዚስተርና በድንጋይ አማካይነት ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አብዛኛው የማስተማሪያ ስፍራ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። ራዲዮ የሚያዳምጥ መምህር ወይም ገበሬ ሁሉ የድንጋይን ጠባይ ያውቃል። ድምፁ ሲደክም ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ቦታ ማለዋወጥ የተለመደ ነበር። ፀሐይ ላይ ማዋሉ ለጥቂት ጊዜ የሚረዳው ሙቀት በውስጡ የቀረውን የኬሚካል ሥራ ስለሚያፋጥን እንጂ አዲስ ኃይል ስለሚጨምርለት አይደለም። ይህ ልማድ ችግረኛው ተጠቃሚ ለኃይል ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ያሳያል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን በዕቅድ ሰነድ ውስጥም ሊገኝ ይገባው ነበር።

ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይሰራጭ የነበረውና «ፕላዝማ» በመባል የታወቀው የቴሌቪዥን ትምህርት ሌላውን የጉዳዩን ገጽ አመልክቷል። የዚህ ትምህርት ሰዓት የሚወሰነው ከማዕከል ነው። በአንድ ትምህርት ቤት መብራት በጠፋ ጊዜ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ያልፋል። ስለዚህ በቀጥታ ስርጭት ለሚሰጥ ትምህርት የኃይል መቋረጥ የመሣሪያ ችግር ብቻ ሳይሆን የትምህርት ክፍለ ጊዜ መጥፋት ነው። ጉዳቱም የሚያርፈው በተማሪው ላይ ነው።

6. የዛሬው ሽቦ አልባ የኮምፒዩተር መረብ

ኮምፒዩተሮችን ያለ ሽቦ የሚያገናኘው የዋይፋይ ደረጃ መጀመሪያ የወጣው በ1997 ነው። ዕቃው ርካሽና ጥቂት ዋት ብቻ የሚበላ በመሆኑ ከከተማ ውጭ ለመጠቀም የተደረገው ሙከራ ብዙ አልዘገየም። በ2002ና በ2003 በላኦስ ፎን ካም በተባለ መንደር እንዲተከል የታቀደው መሣሪያ ከዚህ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። መሐንዲሱ ሊ ፌልሰንስታይን የነደፈው ኮምፒዩተር በተለመደ ሥራ ከ20 ዋት እንዳይበልጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ባትሪው በፔዳል እንዲሞላ፣ ከሌላው ጣቢያ ጋርም በዋይፋይ እንዲገናኝ ታስቦ ነበር። ከትሬገር ሥራ ሰባ ዓመት ያህል በኋላ ሌላ መሐንዲስ በሌላ አገር ወደዚያው ቁጥር መመለሱ አያስገርምም። የሰው እግር ጉልበት በሰባ ዓመት ውስጥ አልተለወጠምና።

ይህ ስሌት ዛሬም በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ በትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ 8 ዋት የሚበላ ከሩቅ ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ ራዲዮ፣ በቤቱ ውስጥ ደግሞ 6 ዋት የሚበላ አዳይ መሣሪያ አለ እንበል። ድምሩ 14 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 112 ዋት ሰዓት ይሆናል። በሽቦና በመለወጫ የሚባክነው ሲታሰብ፣ ከባትሪው የሚወጣው በቀን 132 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ሰማዩ ሦስት ቀን ቢደምን 396 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። እርሳስና አሲድ የያዘ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ስለሚያጥር መጠኑ እጥፍ መሆን አለበት። ይህም 792 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት ባትሪ ሲሰላ 66 አምፔር ሰዓት ይሆናል። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል በሚገኝበት ስፍራ የዕለቱን ፍጆታ ለመተካት ቢያንስ 38 ዋት የሚሰጥ የፀሐይ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ከደመናማ ቀናት በኋላ ባትሪውን መልሶ ለመሙላት ግን 60 ወይም 80 ዋት ማድረግ ይሻላል።

ያው መሣሪያ ሌሊትም ሳይጠፋ 24 ሰዓት ቢበራ ግን የሚፈለገው ባትሪ ከ66 ወደ 198 አምፔር ሰዓት ያድጋል። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። ይህን ልዩነት የሚያመጣው የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን፣ ማታ የሚያጠፋው ሰው መኖርና አለመኖሩ ነው።

የሽቦው ርዝመትም ሊረሳ አይገባም። ራዲዮው ከባትሪው 30 ሜትር ርቆ በምሰሶ ላይ ቢሰቀል፣ ኤሌክትሪኩ ሲሄድና ሲመለስ 60 ሜትር ሽቦ ያቋርጣል። ሽቦው 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ቢሆን ተቃውሞው 1 ኦም ያህል ነው። 14 ዋት በ12 ቮልት ሲላክ ፍሰቱ ከ1 አምፔር ስለሚበልጥ 1.2 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ይኸውም ከመቶ አሥሩ ነው። ያው ኃይል በ48 ቮልት ቢላክ ግን የሚጎድለው ከ0.3 ቮልት ብዙ አይበልጥም፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በ2003 የወጣው ኃይልንና መልእክትን በአንድ የመረብ ገመድ የሚያስተላልፈው ደረጃ ከፍ ያለውን ቮልት የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ትሬገርም በ300 ቮልት ሲሠራ ፍሰቱ ትንሽ እንደነበረ ከላይ ታይቷል።

ሌላው የብክነት ምንጭ መለወጫ ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ከፍ አድርጎ፣ በመሣሪያው ቻርጀር መልሶ ወደ 12 ቮልት ማውረድ በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። መለወጫው ምንም ሳይጫንበት 10 ዋት ያህል ሊበላ ስለሚችል፣ 14 ዋት ለሚፈልግ ሥራ 24 ዋት ይወጣል ማለት ነው። መሣሪያው በቀጥታ ከባትሪው ሊሠራ የሚችል ዓይነት መሆኑን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይህን ያስቀራል። ባትሪው የሚቀመጥበትም ስፍራ እንደዚሁ ያስባል። የአካባቢው ሙቀት ከ25 ዲግሪ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የአሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ስለሆነ፣ በቆላ አገር በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተዘጋ ሣጥን ተስማሚ ማኖሪያ አይደለም። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው የሊቲየም ባትሪ ቀላልና በጥልቀት ሊወጣ የሚችል ቢሆንም፣ ፍጆታን ከማስላት ነጻ አያወጣም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የዕቅዱ መነሻ መሆን ያለበት በስፍራው ዘወትር የሚገኘው ኃይል ነው። ትሬገር ከ20 ዋት ተነሥቶ ወደ መሣሪያው ሄደ እንጂ ከመሣሪያው ተነሥቶ ኃይል አልፈለገም። ሁለተኛ፣ የመሣሪያው ዋጋ አንድ ጊዜ ሲከፈል የባትሪው ዋጋ ግን በየጥቂት ዓመቱ ይመለሳል። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው በበጀት ካልተያዘ ሸክሙ በትምህርት ቤቱና በወላጆች ላይ ይወድቃል፤ መክፈል ያልቻለውም መገናኛውን ያጣል። ከመስመር የራቀው ትምህርት ቤት ይበልጥ ወደ ኋላ የሚቀረውም በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ ባትሪ ጠባቂ ይፈልጋል። የአውስትራሊያው ትምህርት በቀላሉ የተጀመረው ልጆቹና ወላጆቻቸው መሣሪያውን አስቀድመው በእጃቸው ስላስገቡት ነው። ስለሆነም በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቮልት የሚለካ፣ የለካውን በመዝገብ የሚጽፍና ማታ መሣሪያውን የሚያጠፋ አንድ ሰው ሊሠለጥን ይገባል።

የቮልት መለኪያና አንድ ደብተር ብዙ ወጪ አይጠይቁም። በየዕለቱ ጧት የተጻፈ ቁጥር ግን ባትሪው መድከም የጀመረበትን ሳምንት ቀድሞ ያመለክታል፤ የሚተካውም መሣሪያው ከመቆሙና ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ከማጣታቸው በፊት ይሆናል።